ኳሱ ሳይመጣ ዞረሽ እይ

ኦቴሎ የሚባለው ባቡር ጣቢያ ላይ አንዱ ባቡር አለፈና ከልጄ ጋር ሐዲዱን ልንሻገር ስንል፣ በወዲያኛው ሐዲድ ሌላ ባቡር ሲመጣ አየሁ። ያለፈው ባቡር ሸፍኖት ነበር። ያየሁት አንገቴን ስላዞርኩ ነው። ያንን ያስለመዱኝ ጋሼ ናቸው፤ ከሞቱ ገና አርባ ቀናቸው ነው።

ጋሼ የምንላቸው ፈረንጁ የአክስቴ ባል ናቸው። በአገራቸው በላትቪያ ደሞዝ የሚከፈላቸው ኳስ ተጫዋች ነበሩ፣ ተከላካይ። አንድ ቀን ኳሱን ብቻ ሲያዩ ከኋላቸው የመጣ ተጫዋች ጉልበታቸውን ሰበረው፤ ጨዋታውም በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ መንገድ መሻገሩስ ይሁን፣ ድስት ከምድጃ ሊያወርዱ እንኳ ግራ ቀኝ ዞረው ሳያዩ አይነኩም ነበር።

«ጋሼ፣ ኪችን ውስጥ ደግሞ ማን ሊመታዎት ነው?» እላቸው ነበር።

«ያኔም የተመታሁት ማንም የለም ብዬ ነው። ኳሱ ሳይመጣ ዞረሽ እይ» ይሉኝ ነበር።

እኔና ልጄ እንስቅባቸው ነበር። አብረን ስንወጣ ሁልጊዜ በግራዬ፣ በመኪናው በኩል፣ እሳቸው ነበሩ የሚሄዱት። ያን ቀን ሐዲዱ ጋ ግን በግራዬ ማንም አልነበረም። ስለዚህ ራሴ ዞርኩ።

ልጄን በቦርሳዋ ይዤ ወደ ኋላ ሳብኳት። ባቡሩ እየጮኸ በፊታችን አለፈ። እጇን አጥብቄ ያዝኩ።

«ማሚ፣ አይም ኦኬ» አለችኝ፤ እጄን ግን አልለቀቀችም።

ከዚያ ሁለታችንም ግራ ቀኝ ዞረን አየን።

ጋሼ፣ ተሻግረናል። ደህና ነን።