አባቱ የተሸከሙት ሣጥን

ቪዲዮውን ያየሁት ሱቄ በር ላይ ተቀምጬ የሰው ስልክ ስጠግን ነው። ስልክ ጥገና ማንም አላስተማረኝም፤ የተጣሉ ስልኮችን እየፈታሁ እየገጠምኩ የለመድኩት ሥራ ነው። ሱቄ አምቦ ውስጥ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር በቆርቆሮ የተካፈልናት ጠባብ ክፍል ናት። የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ነበር። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ የደረሰውን እያመጣ እውነት ይሁን ውሸት እንድለይለት ይጠይቀኛል።

ያን ቀን የመጣው ባጃጅ የሚነዳ የሰፈራችን ልጅ ነበር።

"እስቲ ይቺን እያት። ተዋጊ ናት አይደል?" አለኝ።

ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ግራጫ አውሮፕላን ከተራራ ጀርባ ብቅ ይላል። አንዱ ክንፉ ጭስ ይጎትታል። አፍንጫውን ቀስ ብሎ ይደፋል፣ ከኮረብታው በታች ይሰወራል፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ ይነሳል። የሚቀርጸው ሰው ይጮኻል።

"ተዋጊ አይደለም" አልኩት። "ዕቃና ሰው የሚጭን ነው። ክንፉን እየው፣ ከጀርባው ላይ ነው የተተከለው። ጅራቱ ሥር ደግሞ የሚከፈት በር አለው፤ መኪና ሳይቀር ያስገባል።"

ይህን ሁሉ የማውቀው ከጓደኛዬ ነው። ጓደኛዬ እንዲህ ባለ አውሮፕላን ላይ ጭነት የሚያስር ወታደር ነበር። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው እሱን ያሰብኩት። ጣቴ መስታወቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

ባጃጅ ነጂውም አየኝ። "እንደዚህ ዓይነት ብዙ አላቸው አይደል?" አለኝ።

"ብዙ አላቸው" አልኩት። ብዙ ይኑራቸው፣ አንድ ይኑራቸው፣ አላውቅም ነበር።

ጓደኛዬ ያደገው ከግቢያችን ቀጥሎ ባለው ግቢ ነው። ረጅም ነበር፤ በራችን ሲገባ ጎንበስ ማለት ነበረበት። ለመጨረሻ ጊዜ ለእረፍት ሲመጣ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ጩኸቱ ስለማያነጋግር በእጅ ምልክት እንደሚግባቡ አጫወተን። ከዚያ እራት ላይ ውሃ ሲፈልግ በእጁ፣ ወጥ ሲፈልግ በእጁ ሆነ። እናቱ "ልጅ ሰጥቻቸው ዲዳ መለሱልኝ" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ለጓደኛዬ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነበር። ግን ግዳጅ ላይ ሲሆን ሁልጊዜም ዝግ ስለሆነ ያ ብቻውን ምንም አይነግርም። ፌስቡክ ላይ አንዱ ተመቶ ነው ይላል፣ ሌላው ሞተሩ ነው ይላል፣ ሦስተኛው የሌላ አገር የቆየ ቪዲዮ ነው ይላል። እንዴት እንደወደቀ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት የነገረኝ ሰው የለም። ለወላጆቹ ምንም አላልኩም። እኛ ዘንድ መርዶ በጎረቤት ልጅ አፍ አይነገርም፤ ሽማግሌዎች ማልደው ሄደው፣ ሰውየውን አስቀምጠው ነው የሚናገሩት። በዚያ ላይ ደግሞ ላይሆን ይችላል እያልኩ ነበር።

ሆነ። በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ከሁለት ወታደሮች ጋር ወደ ወላጆቹ ግቢ ገቡ። አስከሬኑ በማግስቱ እንደሚመጣ ተናገሩ። እድሩ ድንኳን ተከለ፤ እኔም ከልጆቹ ጋር ወንበር ስንደረድር ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ፣ በሌላ ከተማ ባዶ ሣጥን ለቤተሰብ ደርሶ ተቀበረ የሚል ወሬ ተነሳ። ማን እንዳየው የሚናገር አልነበረም፤ ሁሉም ከሰው ነው የሰማው። አንድ ወጣት ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ቆይ ግን ለማን ብሎ ነው የሞተው?" አለ።

አጠገቡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው አዩት። "ለማንም ይሁን፣ ለቅሶው የእናቱ ነው። ከኋላ ወንበር ጎድሏል፤ ሄደህ አምጣ።"

ልጁ ተነስቶ ሄደ። ሦስት ወንበር ደራርቦ ሲመለስ "አየህ፣ ጉልበትህ ከአፍህ ይሻላል" አሉት።

የባዶ ሣጥኑ ወሬ ግን እናቱ ጆሮ ደርሶ ነበር። እናቱ አላለቀሱም። መርዶው ከተነገራቸው ጀምሮ እንባ አልወጣቸውም፤ የመጣውን ሰው ሁሉ ውሸት የነገራቸው ይመስል ፊቱን ይመረምሩታል።

ሣጥኑ በማግስቱ ጠዋት በፒክአፕ መጣ። ባንዲራ ለብሷል። ጨርቁ እንዳይንሸራተት በስፒል ተይዟል። ክዳኑ ዙሪያውን በብሎን ታስሯል፤ መገጣጠሚያው በማሸጊያ ተደፍኗል። የሚሸተው ትኩስ ቫርኒሽ ብቻ ነው። ይዞት የመጣው መቶ አለቃ ከእኛ በዕድሜ ብዙም አይበልጥም።

"ይከፈት" አሉ አባቱ። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

"አይከፈትም አባቴ። ታሽጎ ነው የመጣው።"

"ያሸገው ሰው ይከፍተዋላ።"

"ትእዛዝ ነው አባቴ።"

"ልጄ ረጅም ነው። እዚህ ውስጥ እንዴት አድርጋችሁ አስተኛችሁት?"

ብርድ ነበር፣ መቶ አለቃው ግን ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ። "ስሙ ክዳኑ ላይ ተጽፏል" አለ በመጨረሻ።

"ስምማ እኔም እጽፋለሁ።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባቱን ክንዳቸውን ያዙ። "ወንድሜ፣ እነዚህ ልጆችም የታዘዙትን ነው። አደጋው የእሳት ነው። ለማየት የማይሆን ነገር ሊኖር ይችላል።"

"ለማየት የማይሆን ልጅ የለኝም" አሉ።

የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መዝሙሩን ይጀምሩት፣ ይተዉት፣ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። እናቱ ከቤት ወጥተው በሰው መካከል መጡና የባላቸውን ኮት ያዙ።

"አንተ ሳታረጋግጥልኝ አፈር እንዳያለብሱት። ለባዶ እንጨት አላለቅስም" አሉ። "ልጄ አለበት ወይስ የለበትም? ይቺን ብቻ ንገረኝ።"

"እነግርሻለሁ።"

ምን አድርገው እንደሚነግሯቸው ያኔ ያሰበበት ሰው ያለ አይመስለኝም። ሽማግሌዎቹ አባቱ የተስማሙ መስሏቸው ሣጥኑ እንዲነሳ አዘዙ። አራት ሆነን ገባን። እኔ ከፊት በቀኝ፣ ባጃጅ ነጂው ከፊት በግራ፣ ከኋላ ሁለት የእድር ልጆች። አንድ፣ ሁለት ተባብለን አነሳን።

ከእድሩ ጋር ብዙ ሰው ተሸክሜ ቀብሬአለሁ። በሽታ የጨረሰው ሽማግሌ እንኳ አንገትህን ያስደፋል። ጉልበታችንን ያዘጋጀነው ለሰው ነበር። ሣጥኑ ግን ብድግ አለ፤ እጃችን ላይ ተንሳፍፎ ከትከሻችን በላይ አለፈ። ወዲያው ከውስጥ አንድ ነገር ከኋላ ወደ ፊት ተንሸራቶ መጣና ከጆሮዬ አጠገብ ሳንቃውን መታው። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር የሚያሰማው ዓይነት። ትልቅ አልነበረም።

ያ በራችን ሲገባ ጎንበስ የሚለው ልጅ ነው እያልኩ ነው፣ ግን ሐሳቤ እዚያ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ቫርኒሹ ጉንጬን ነክቶታል፣ ይቀዘቅዛል። ባጃጅ ነጂው በሣጥኑ ሥር አየኝ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

"ደልደል አድርገህ ያዝ" አለኝ በሹክሹክታ። "ወደ ፊት አታዘንብለው።"

መዘምራኑ እየዘመሩ ስለነበር ሌላ ማንም አልሰማም። መሄድ ጀመርን። ጥቂት እንደሄድን ከኋላ ያለው ልጅ ድምፁን አውጥቶ መተንፈስ ጀመረ። ባጃጅ ነጂው ጉልበቱን አጠፍ እያደረገ ይራመዳል። እኔም አንገቴን ወደ ጎን ጣልኩ። ማንም አላዘዘንም፣ አልተመካከርንም። "ቀይሩን" ይላል አንዱ፣ ሌሎች ሮጠው ይገባሉ፤ የገባው ሰው ትከሻው ሣጥኑን ሲነካ ፊቱ ክው ይላል፣ ከዚያ እሱም እንደኛው ማቃሰት ይጀምራል። እናቱ ከኋላ ሆነው የያንዳንዳችንን ጉልበት ያያሉ።

መቃብሩ ከከተማው ዳር ዳገቱ ላይ ነው። ኮብልስቶኑ አልቆ የአፈሩ መንገድ ሲጀምር ተራዬ ደርሶ እንደገና ከፊት ገብቼ ነበር። አባቱ ሰውን እየገፈተሩ መጥተው ጎኔ ቆሙ።

"ውጣልኝ።"

"ጋሼ፣ እኔ አልደከመኝም።"

"ደክሞሃል አላልኩህም። ውጣ ነው ያልኩህ።"

ቀደም ሲል ክንዳቸውን የያዙት ሽማግሌ ከኋላ ደረሱ። "አባት ልጁን አይሸከምም፤ ነውር ነው።"

"ይከፈት አልኩ፣ አይከፈትም አላችሁኝ፤ እሺ አልኩ። ትከሻዬን ልትከለክሉኝ ነው?"

የጓደኛዬ አባት አሁን ወፍጮ ቤት ይቆጣጠራሉ እንጂ በጉልበታቸው ዘመን በእህል መጋዘኖች ጫኝና አውራጅ ነበሩ። ነጋዴዎች በሚዛን ሲጣሉ ጆንያውን በእሳቸው ትከሻ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ እሳቸው "ይሄ ጎደሎ ነው" ካሉ ክርክሩ ያበቃል። ይህን እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቃል። እናቱም ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው ሰውን ሰንጥቀው ወደ ፊት የመጡት፣ የባላቸውን ፊት ለማየት።

ከመውጣት በቀር ምርጫ አልነበረኝም። ትከሻዬን ሳወጣ ግን እጄን ከሣጥኑ ጠርዝ ላይ አላነሳሁም። ጎናቸው እየሄድኩ የክንዴን ክብደት ሁሉ ጣልኩበት፤ ቁልቁል ጎተትኩት። ሌላ ላደርገው የምችለው ነገር አልታየኝም።

ሁለት ሦስት እርምጃ እንደሄዱ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ "እጅህን አንሳ" አሉኝ።

አነሳሁ።

ሣጥኑ ትከሻቸው ላይ ለቀቅ ሲል አየሁት። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት አንድ ቦይ አለ፤ ቦዩን ሲሻገሩ የፊተኛው ጎን ዝቅ አለ፤ ያ ነገር እንደገና ተንሸራቶ መጣ። አሁን ከጆሮአቸው አጠገብ ነው። አባቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ነው የተራመዱት። የኋላዎቹ ልጆች መተንፈስም ማቃሰትም ትተው ነበር፤ እኔም ሊሉ ያሉትን ነገር እየጠበቅኩ የእናቱን ፊት ማየት አልቻልኩም።

ከዚያ አባቱ ጉልበታቸው ታጠፈ። "እህ" አሉ። ሸክም ይዘው ሲያቃስቱ ሰፈሩ ሰምቷቸው አያውቅም። በሁለት እጃቸው ሣጥኑን ከሥር ደገፉት፤ ጀርባቸው ጎበጠ፤ የአንገታቸው ሥር ተገተረ።

"ቀይሩኝ" አሉ። "ቀይሩኝ፣ አልቻልኩም።"

ገብቼ ተቀበልኳቸው። እናቱ ከፊታቸው ቆመዋል።

"አለበት?"

"አለ" አሉ አባቱ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። "ልጅሽ ነው። ሙሉውን ነው። ከብዶኛል።"

እናቱ እንባቸው የወጣው ያን ጊዜ ነው። መንገዱ መካከል ተቀመጡ፤ ሴቶቹ ከበቧቸው፤ ድምፃቸው ከመዝሙሩ በላይ ሄደ። መቶ አለቃው ኮፍያውን አውልቆ ወደ ባዶው ሜዳ ዞረ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሰን ሣጥኑን በገመድ ስናወርድ አባቱ ከዳር ቆመው "ቀስ በሉ፤ ይከብዳል፣ እጃችሁን እንዳይልጠው" እያሉ አዘዙን። እኛም ገመዱን እየተንገታገትን ለቀቅነው።

ከቀብር ስንመለስ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከጌዶ ዘመዶች በሚኒባስ ደረሱ። ለቀብሩ አልደረሱም። "ዋቀዮ ሃ ጀጀቤሱ" እያሉ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ማለታቸው ነው፣ እናቱን ከበው ተቀመጡ። እኔ በጆግ ውሃ እያዞርኩ ነበር። እናቱ ድምፃቸው ተዘግቷል፤ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ይነግሯቸዋል።

"ባዶ ነው እያሉ ሲያስፈራሩኝ ነበር" አሉ። "አባቱ ገባበት። አባቱን ታውቁት የለም? ያንን ሁሉ ጆንያ የተሸከመ ሰው። እሱ እንኳ አልቻለውም፤ ቀይሩኝ አለ። እንደዚያ ነበር ልጄ።"

ከጌዶ የመጡት ሴትዮ ቀና ብለው አዩኝ። አባቱ ከድንኳኑ ማዶ፣ ከወንዶቹ መካከል፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል።

"አንተም ተሸክመኸው ነበር ልጄ?" አሉኝ ሴትዮዋ።

"አዎ፣ እትዬ። ከፊት ነበርኩ።"

"ይከብድ ነበር?"

እናቱ መልሴን ይጠብቃሉ። ብርጭቋቸውን ሞላሁላቸው።

"ይከብድ ነበር" አልኩ።