የመርሳው ኮከብ ቆጣሪና የምሽቷ ኮከብ

መርሳ ውስጥ ረዲን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ገና አላገባም ማለት ነው። ረዲ ኮከብ ቆጣሪ ነው። የልጁንና የልጅቱን ስም ከነእናቶቻቸው ስም ይቀበላል፣ ፊደሉን ወደ ቁጥር ይለውጣል፣ በአሥራ ሁለት እያካፈለ ይገድፋል፤ የተረፈው ኮከባቸው ነው። አንዱ አሰድ እሳት፣ ሌላው ሑት ውሃ ከሆነ ጋብቻው ፈረሰ። ለቆጠራው የተሰጠው ዶሮ ግን አይመለስም። ጣቱን በምላሱ እያራሰ ሲቆጥር ያየ ሰው፣ ሰርጉ ባይቀርበት እንኳ ምሳው ይቀርበታል።

ዘንድሮ ተራው የሉብና ሆነ። ሉብና የማንጎ ነጋዴው የኡበይደላ ልጅ ናት፤ የጠየቃት ዓሪፍ ባጃጅ ይነዳል። ረዲ ቆጠረና «እሳትና ውሃ ናቸው» አለ። ልጅቱ አለቀሰች። የአባቷ ልብ ሊራራ ሲል፣ ከመግሪብ በኋላ በምዕራብ በኩል ከተራራው አናት ላይ አንድ ብርሃን መታየት ጀመረ። ትልቅ፣ ነጭ፣ ድምፅ የሌለው። እየሄድክ ስታየው አብሮህ ይሄዳል። እኛ ዘንድ ከሰማይ የሚመጣ ነገር አያስቅም፤ ገበያው በጊዜ ይበተን፣ ሰውም መብራቱን አጥፍቶ ይቀመጥ ጀመር። ጎረቤታችን ውርጌሳ ላይ ወርዶ ውሃ ቀድቶ ሄደ ያለም አልጠፋ፤ ጀሪካኑን ያየ ግን የለም።

ረዲ ኡበይደላን ለብቻው ጠራው። «ልብህ ሲያመነታ ምልክቱ መጣልህ። ይኸ ብርሃን ሳይሄድ ኒካሕ እንዳታስር።»

ኡበይደላም «ወላሂ አላስርም» ብሎ ማለ፤ ቤቱ ገብቶም ለልጁ ነገራት።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የሰማይ ባለሙያ ተብሎ ማን ቢገባበት ጥሩ ነው? ረዲ። ኮሚቴው ምሽት ምሽቱን ከኡበይደላ ማንጎ ዛፍ ሥር እየተቀመጠ የሰውየውን ሙክት በላ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ «ጉዳዩ ከባድ ነው» አለ። ማስጠላቱ። በመጨረሻ ከወልድያ ፍሬሕይወት የምትባል የፊዚክስ መምህርት አስመጡ። ባለ ሦስት እግር የሩቅ ማያ መነጽሯን ተከለች፣ ጎንበስ ብላ አየች፣ ቀና አለች።

«ቬነስ ናት» አለች። «ጎህ ሲቀድ ስትወጣ የአጥቢያ ኮከብ የምትሏት ራሷ ናት። አሁን ማምሻውን ነው የምትታየው።»

«ትሄዳለች?» አለ ኡበይደላ።

«ለዛሬ ከተራራው ጀርባ ትገባለች። ነገ ደግሞ አለች። ገና ወራት ትቆያለች።»

ወራት የሚለውን ስትሰማ ሉብና ከሴቶቹ መሀል ወጣች። «አባባ፣ አንቱ የማሉት ምልክት ነው ስላሉዎት ነው። ጋሽ ረዲ ሰማይ ላይ ያለችውን ኮከብ እያዩ ካላወቋት፣ የኔን ከእናቴ ስም ውስጥ እንዴት አገኟት?»

«እኔ የምቆጥረው የሰማዩን አይደለም» አለ ረዲ።

ኡበይደላ ዞሮ አየው። «ታዲያ ሙክቴን ስትበላ የከረምከው የትኛውን ልታጣራ ነው?»

ኮሚቴው «የታየው ነገር የተለመደ የሰማይ አካል መሆኑ ተጣርቷል፤ ኅብረተሰቡ ተረጋግቶ ወደ ሥራው ይመለስ» ብሎ ሪፖርት አወጣ። ረዲም ሳያፍር ፈረመበት። ኡበይደላ ግን መሐላ ነበረበት፤ ለከፋራው፣ ማለትም ለመሐላው ማካካሻ፣ አሥር ምስኪን አብልቶ በዚያው ሰሞን ኒካሑን ሊያስር ቆረጠ።

ድግሱ ተዘጋጀ። አሥረኛ ምስኪን ሆኖ የተቀመጠው ማን መሰላችሁ? ረዲ። ቅልጥሙን እየመጠጠ «ብያችሁ አልነበር፣ ኮከባቸው ገጥሞ ይኸው በሰማይ ወጣላቸው» ብሎ መረቀ። ሕዝቡ «አሚን» አለ። ሉብናም አሚን አለች፤ እሷስ ባሏን አግኝታለች፣ ምን ቸገራት። እኔ ግን አጠገቤ የነበረችው ጎረቤቴ ነሲባ ወደ ረዲ ጠጋ ብላ «የልጄንም ስም ልንገርህ» ስትለው ሰማሁና፣ የቀረበልኝን ሳልቀምስ ተነሣሁ።