ያልቀየርነው የጀልባ ሞተር

ባለቤቴ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው። አማርኛን የለመደው ገበያ ላይ ስለሆነ ከተጋባን ጀምሮ እኔን «አንተ» ይለኛል፤ የጀልባችንን ሞተር ግን «እሷ» ነው የሚለው። መጀመሪያ ሰሞን ቅር ይለኝ ነበር፤ ኋላ ተውኩት።

ዓባይ ተገድቦ ሸለቆው ሐይቅ ከሆነ ወዲህ የምንተዳደረው በዓሣ ነው። እሱ ያጠምዳል፣ እኔ አሶሳ ላሉ ምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ሞተሩን ያገለገለ ሆኖ ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ በኩል ነበር ያመጣው። ባለፈው ዓመት ግን የማስነሻ ገመዱን ደጋግመው ካልሳቡት የማይነሳ፣ ተነሥቶም ጥቁር ጭስ እየተፋ ውሃ መሀል የሚቆም ሆነ። በኛ ቆላ ሙቀት ዓሣ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። አዲስ እንግዛ አልኩ።

«አንተ ስማ፣ እሷ ደከመ እንጂ አልሞተም» አለኝ።

በሰፈራ ከወሎ የመጣው አባቴ ጀልባ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ቢሆንም ያረጀ በሬ በጊዜው ካልተሸጠ ለምንም እንደማይሆን አስረዳን። ባለቤቴ አማቱን ስለሚያከብር አልተከራከረም፤ ባለሙያ ይየው ብቻ አለ። ሞተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለን አሶሳ ወሰድነው። እኔን ሐኪም ቤት ሲወስደኝ ብርድ ልብስ ትዝ ብሎት አያውቅም።

መካኒኩ ባጃጅም የወፍጮ ሞተርም የሚሠራ ሰው ነው። ፈታትቶ ካየ በኋላ ፒስተኑ መበላቱን፣ ፋሻ የሚባሉት የፒስተኑ ቀለበቶች ማለቃቸውን፣ ሲሊንደሩ መቧጠጡን አንድ በአንድ አሳየን። ለማደስ የሚወጣው ለአዲስ ከሚወጣው ብዙም አያንስም አለ።

«እህቴ፣ እኔ ብሆን አዲስ እገዛ ነበር» አለኝ። የራሱን ሥራ የሚያባርር መካኒክ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አሸነፍኩ ብዬ ባለቤቴን እየመራሁ ወደ ሱቅ ሄድኩ።

አዲሱ ሞተር ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ሲበላሽ መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ ጠየቅኩ። ባለሱቁ አዲስ ዕቃ እንደማይበላሽ ነገረኝ። ቢበላሽስ አልኩ። ያኔ ከአዲስ አበባ ይታዘዛል፣ መንገዱ ደህና ከሆነ ይደርሳል አለ። እዚያው ቆሜ ሐሳቤን ቀየርኩ። የአሮጌውን በሽታ ቢያንስ በስም እናውቀዋለን፤ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። እናድሰው አልኩ።

ባለቤቴ ተናደደ። ለካ መካኒኩ ያሳመነው እኔን ሳይሆን እሱን ኖሯል፤ በልቡ ከአሮጌው ጋር ተሰነባብቶ ጨርሷል። ከሱቁ እስከ ጋራዡ ድረስ እኔ የሱን፣ እሱ የኔን ክርክር ይዘን ተጨቃጨቅን። በሩ ላይ ስንደርስ «ኻላስ፣ በቃ፣ አንተ ያልከው ይሁን» አለ። መካኒኩ መክሬያችሁ ነበር ብሎ ቅር እያለው ተቀበለን።

መካኒኩ እንደ ፈራው አልሆነም። ሥራው ሲያልቅ ሞተሩ ገመዱ ገና አንዴ ሲሳብ ተነሣ፤ ጭስ የለ፣ መንተፋተፍ የለ። በማግስቱ እኔም አብሬ ወጣሁ። ባለቤቴ ደስታው ልክ አጥቶ ከወትሮው ርቀን ሄድን፤ መረቡም ሞልቶ ወጣ። ስንመለስ ሞተሩ ውሃ መሀል ጸጥ አለ። ገመዱን ሳበ፣ ካንዴላውን ፈትቶ ጠረገ፣ መካኒኩን ረገመ። እኔ የነዳጁን ታንከር ክዳን ከፈትኩ። ደርቋል።

ሞተሩ ከደከመ ወዲህ ነዳጅ አልቆብን አያውቅም ነበር። ነዳጁ ከማለቁ በፊት ሁልጊዜ ሞተሩ ቀድሞ ይቆም ነበር። መቅዘፊያውንም ከእንግዲህ ምን ያደርጋል ብለን ቤት ትተነዋል።

በዓሣው ሳህን እየቀዘፍን ከውሃው ብቅ ያለ ደረቅ ዛፍ ጋ ደረስንና ጀልባችንን አሰርን። ከቀትር በኋላ አንድ የጉሙዝ ሽማግሌ ከእንጨት በተፈለፈለች ታንኳ መጡ። ሞተሩ ምን ሆኖ እንደሆነ ጠየቁን። ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ ምንም አልሆነም አላቸው። ሽማግሌው ሌላ ሳይጠይቁ ገመድ ወረወሩልንና ጎትተው አወጡን።

ዓሣው አሶሳ አልደረሰም፤ ለጎረቤት አደልነው። ሞተሩ እስከ ዛሬ ይሠራል። አባቴ ሞተሩ ታድሶ መሥራቱን ሲሰማ ያኔ ስለ በሬው የተናገረው ስለ በሬ ብቻ እንደነበር አስታወሰን።