የለምለም ትከሻ

መቐለ አጠገብ ቁሓ ላይ ባጃጅ እየጠበቅሁ ሳለ ከአንድ ሱቅ የእኅቴ የለምለም ዘፈን ሲለቀቅና ከበሮው ምቱን ሲደርብ፣ እግሬ እኔን ሳያማክር መሬቱን ይመታል። ዛሬ ለምለምን የማያውቅ የለም፤ ያ ዝግ ብሎ በሚዞር እግር ላይ የሚንቀጠቀጥ ትከሻዋ ከየት እንደመጣ የምናውቀው ግን ጥቂቶች ነን፣ በዚህም እኮራለሁ።

«ኣደየ» የምንላት እናታችን የመቐለ ልጅ ናት፤ ሰርግ ላይ ጓይላ የሚባለውን የክብ ጭፈራ ስትዞር እግሯ መሬት የነካ አይመስልም ነበር። አባባ ደግሞ ከወሎ መጥቶ ጨርቅ የሚነግድ፣ ትግርኛው ከጨርቅ ዋጋ የማያልፍ፣ ትከሻው ግን ሳይጠሩት የሚነሳ ሰው ነበር። ክረምት ዝናቡ ገበያውን ሲበትነው ኣደየ ባዶ ጄሪካን እየመታች ትዞራለች፣ አባባ ትከሻውን እየሰበቀ ይከተላታል፣ ለምለምም መሀል ገብታ እግሩን ከእሷ ትከሻውን ከእሱ ትወስድ ነበር። እኔማ እግሬን ሳስታውስ ትከሻዬ ይጠፋኝ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ለምለም የትምህርት ቤቱ የውዝዋዜ ቡድን ውስጥ ገባች። ጓይላ ሕግ አለው፤ ሲዞሩ ትከሻ ዝም ይላል፣ የሚነሳው ከበሮው ምቱን ሲደርብ ብቻ ነው። የእሷ ግን ከመጀመሪያው ርምጃ ይነሳ ነበርና አሰልጣኙ በየቀኑ ሲጮኽባት ሰንብቶ፣ በመጨረሻ ካላቆመች ከቡድኑ እንደሚያስወጣት ነገራት። ከዚያ ቡድን ሌላ የምትወደው ነገር አልነበራትም፤ እያለቀሰች ቤት ገባች።

«ምን አለሽ?» አላት አባባ።

«ግደፊ አለኝ።»

አሰልጣኙ በትግርኛ «ተዪው» ማለቱ ነበር። አባባ ግን በአማርኛው ሰማውና «ተሳሳቺ» የተባለች መሰለው።

«መምህርሽ ራሱ ከፈቀደልሽ ምን ያስለቅስሻል? ግደፊ እንጂ የኔ ዓለም! አሳምረሽ ግደፊ!»

ኣደየ ልታርመው አፏን ከፈተች፤ ለምለም እንባዋን ሳትጠርግ ስትስቅ ብታያት ጊዜ ግን ሐሳቧን ቀየረች።

«በሊ ጓለይ፣ በይ ልጄ፣ አባትሽን ስሚ» አለቻት።

በጋውን ሁሉ ለምለም ልምምድ ላይ ትከሻዋን አስራ፣ ቤት ስትገባ እየፈታችው ከረመች። ሰኔ ላይ የዓመቱ መዝጊያ በዓል ደረሰና ወላጅ ሁሉ በተቀመጠበት፣ ገና በመጀመሪያው ዙር ለቀቀችው። አሰልጣኙ ከዳር ሆኖ እጁን ሲያወናጭፍ ሳይ፣ አለቀላት አልኩ። ወዲያው ግን ከፊት የተቀመጡ እናቶች እልል አሉ፤ ከበሮ መቺው ሞቀውና ያለጊዜው ደረበ፣ ሌሎቹም ልጃገረዶች አንድ በአንድ ትከሻቸውን አነሱ። ግቢው ቀለጠ! እኔ ወንበር ላይ ቆሜ «እኅቴ ናት! እኅቴ ናት!» እያልኩ ጮኽኩ፤ አሰልጣኙም በሚቀጥለው ዓመት ከፊት አሰለፋት።

ባለፈው ነሐሴ በአሸንዳ በዓል መቐለ እንዳ ኢየሱስ አካባቢ ልጃገረዶች ሲዞሩ ቆሜ አየሁ። ሁሉም እንደ ለምለም ከመጀመሪያው ርምጃ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ፤ አንዲት ትንሽዬ ግን እግሯ እያማረ ትከሻዋ እምቢ ስላላት ጓደኞቿ ሲስቁባት፣ ከክቡ ወጥታ አለቀሰች። ያኔ ትከሻ ዝም አላለም ተብሎ እንባ ፈሰሰ፣ አሁን ዝም አለ ተብሎ ይፈሳል። ጎንበስ ብዬ፣ «አይዞሽ፣ ድሮ እኮ ሁሉም እንዳንቺ ነበር የሚዞረው» አልኳት።

አላመነችኝም።