ሳብሪን ሦስት የሰጠቻት ወፍ

ልጅ እያለሁ አባቴን አይቮሪ ፓርክ በሚባል ሠፈር ባለው ሱቁ ውስጥ ማንም አታልሎት አያውቅም፤ የአውሮፓ ሳንቲም ግን በየሳምንቱ ይሸውደው ነበር። ሆቴል የሚሠሩ ደንበኞቹ ከእንግዶች በጉርሻ ሁለት ዩሮ ይሰጣቸዋል፤ ባንክ ደግሞ የውጭ ሳንቲም አይመነዝርላቸውም። መሃሉ ወርቃማ፣ ዙሪያው ብርማ ስለሆነ ከአገሩ አምስት ራንድ ሳንቲም ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ሰው ሲበዛበት አባቴ ሳያየው ይቀበልና፣ ቤሪያ ሠፈር ወዳለው ፍላታችን ሲመለስ «ዛሬም ሸወዱኝ» እያለ ለእኔና አብራን ለምትኖረው ለአክስቴ ልጅ ለሳብሪን ያካፍለናል።

እኛ የምንወደው የመታሰቢያዎቹን ነበር። እያንዳንዱ አገር የራሱን ነገር ለማስታወስ ልዩ ሥዕል ይቀርጽባቸዋል፤ እኛ ደግሞ የወለል ሰምና የተጠበሰ ድንች የሚሸተው የሕንጻው ደረጃ ላይ ተቀምጠን ከአሥር እንፈርድባቸዋለን። ጣቶቻችን ብረት ብረት ይሸቱ ነበር። ሁለት ዓመት ስለምትበልጠኝ ዳኛዋ ሁልጊዜ ሳብሪን ናት። ሕፃን የሳለው የሚመስል ቀጭን ሰውዬ ላለበት አራት ሰጠች። ሁለት ሾጣጣ ግንብ ያለው በር ለተቀረጸበት ለራሷ የጀርመን ሳንቲም ግን አሥር ሰጠች፤ እሱን በጥጥ ጠቅልላ ነው የምታስቀምጠው። ደንቡንም ያወጣችው እሷ ናት፤ ከአምስት በታች ያገኘ ሳንቲም ለዳኛዋ ይሆናል።

አንድ ቀን የፊንላንድ ሳንቲም ላይ የተቀረጸች ወፍ ደረሰችኝ። ክንፏን ዘርግታ ሳንቲሙን ልትሞላው ምንም አልቀራት። ላባዋ ተራ በተራ የተቀረጸ፣ ከበላይዋ ያለው ባዶ ቦታ ሰማይ የሆነላት፤ እንደሷ ያለ አላየሁም። አሥር ትሰጠኛለች ብዬ እየሮጥኩ ወሰድኩላት። ሳብሪን ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አገላበጠቻት።

«ሙንዬ፣ ይቺ ምኗ ያምራል? ክንፍ ብቻ! ስሪ አውት ኦፍ ቴን። አንቺ እኮ ዓይን የለሽም።»

አመንኳት። ወፏን አስረክቤ፣ ዓይን የሌለኝ ልጅ በመሆኔ አፍሬ፣ ገብቼ ተኛሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በዒድ ቀን፣ ሳብሪን ወፏን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ብቅ አለች። ዱርንፎንቴን ሠፈር ያለ ቁልፍ ሠሪ ዘንድ ወስዳ ክንፏን አስበስታታለች። እንግዳው ሁሉ «እንዴት ታምራለች! ማን መረጠልሽ?» ሲላት «እኔ ነኛ!» ትላለች። አንጀቴ አረረ። ሳንቲሙን መውሰዷን ብተወው እንኳ፣ ቆንጆ መሆኗን እያወቀች አስቀያሚ ናት ማለቷን ልረሳው አልቻልኩም።

ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ወደ አባቴ ሱቅ ልንሄድ ስንል፣ ሳብሪን ጫማዋን እስክታስር ድረስ ጥጡን ፈትቼ ባለ በሩን ሳንቲም ኪሴ ከተትኩት። ታክሲው ውስጥ እኔና እናቴ የኋላ ወንበር ላይ፣ ሳብሪን ከፊታችን ተቀመጠች። እዚህ አገር ሂሳብ ከኋላ ወደፊት በተሳፋሪው እጅ እየተላለፈ ነው ሾፌሩ ጋ የሚደርሰው። እናቴ የሦስታችንን ስትሰጠኝ አንዱን አምስት ራንድ አስቀረሁና የሳብሪንን ሳንቲም ተካሁበት።

«ሳብሪን፣ አቀብይልኝ።»

ከጓደኛዋ ጋር ቻት እያደረገች ስለነበር ዓይኗን ከስልኳ አላነሳችም። በገዛ እጇ ተቀብላ ወደፊት አሳለፈችና «አባታቱ!» ብላ ሦስት ሰው መሆናችንን በዙሉ ለሾፌሩ ጮኸችለት። ሾፌሩም ሳያይ ሳንቲሞች ያሉበት ሳህን ውስጥ ጣለው። እስከ አይቮሪ ፓርክ ድረስ በመስኮት እያየሁ ፈገግ ስል ነበር። የተረፈችውን አምስት ራንድ ቺፕስ ገዛሁባትና ለሳብሪንም አካፈልኳት።

ሳንቲሙን ስታጣ ሁለት ቀን አለቀሰች። አብሬያት አልጋ ሥር ሳይቀር ፈለግሁ። አላሳዘነችኝም፤ ዛሬም አልጸጸትም።

አሁን ለሱቆች ታፔላ እሠራለሁ። አንዱን ጨርሼ ራቅ ብዬ ሳየው፣ ደንበኛው አፉን ሳይከፍት በፊት የሳብሪን «ስሪ» ጆሮዬ ላይ ይጮህብኛል። እሷ አግብታ ወልዳለች፤ እንዋደዳለን፤ ልጇን እኔ ነኝ ከትምህርት ቤት የማመጣላት። በልጅነታችን አንድ የታክሲ መንገድ የሚያበርደው የመሰለኝ ቂም ግን ይኸው አብሮኝ አድጓል። ባለፈው ዒድ ደግሞ «ያቺ ባለ በሯ ሳንቲሜ የት ገብታ ይሆን?» ብላ ተከዘች።

እንደዚያች ያለች ሳንቲም ኢንተርኔት ላይ ለሽያጭ ትቀርባለች፤ ዋጋዋም ርካሽ ነው። ስንቴ ከፍቼ አይቼ ዘግቻታለሁ። ሳብሪን «ያቺ ወፍ ቆንጆ ነበረች፣ ዓይን ነበረሽ» ያለችኝ ቀን እገዛላታለሁ። እስካሁን አላለችኝም።