በዓይን ብቻ የተመረመሩ ካሴቶች

ችግሩ በአጭሩ ይህ ነበር፦ አያት፣ አባት፣ እናትና ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ ማንም ደንግጦ ሳይነሣ፣ አንድ ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት ሊያዩ ይችላሉ? ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ግን አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የወለደ ጥያቄ ነው፤ አንዲትን ሴት ደግሞ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ነሥቷታል።

ነገሩ የጀመረው ባለ አምስት ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነው። ከጎኑ ረጅም ሕንፃ ተሠርቶ ሞገዱን ሲጋርድበት በውስጡ ያሉት የስልሳ ቤቶች ቴሌቪዥን አሸዋ የሚርመሰመስበት መስኮት ሆኖ ቀረ። ምድር ቤት ሱቅ የነበረው ቴሌቪዥን ጠጋኝ መላ ዘየደ። ጣሪያው ላይ አንድ ትልቅ አንቴና ተከለ። አንቴናው የያዘውን የሚያጎላ ሳጥን አገናኘበት። ከሳጥኑ ወፍራም ጥቁር ገመድ በደረጃው ጥግ ቁልቁል ለቀቀና በየፎቁ እየከፈለ ወደየቤቱ አስገባ። ኬብል ቴሌቪዥን የምንለው ነገር ሥሩ ሲገለጥ ይኸው ነው።

ይበልጥ የሚገርመው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። በዚያ ገመድ ውስጥ ሌሎች ጣቢያዎች የማይዙት ባዶ ቦታ ይተርፋል። ጠጋኙ የካሴት ማጫወቻ ከሳጥኑ ጋር ቢያያይዝ ስልሳ ቤት የሚያየው የራሱ ጣቢያ እንደሚኖረው ገባው። ሞከረው፤ ሠራ! አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ራሱ ያላየውን ፊልም ከተተና ለቀቀው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ስክሪኑ ላይ ቤተሰብ ፊት የማይታይ ነገር መጣ። በስልሳ ቤት ስልሳ አባወራ በአንዴ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን በጀርባው ጋረደ። ወዲያው ደረጃው በኮቴ ተሞላ።

«አንተ ሰውዬ፣ አማቴ ፊት አዋረድከኝ!» አለ ቀድሞ የደረሰው ጎረቤት።

«እኔስ መቼ አየሁት?» አለ ጠጋኙ።

«ሳታየው ነው ለእኛ የምታሳየን?»

ጠጋኙ ለዚህ መልስ ያገኘው ታናሽ እህቱ ዘንድ ነው።

እህቱ የጨርቅ ፋብሪካ መርማሪ ነበረች። ይህን ሥራ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ የኋላው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነውና። ከሥሩ መብራት የበራበት የመስታወት ጠረጴዛ አለ፤ ጨርቁ በላዩ ይጎርፋል፤ መርማሪዋ ቆማ ታያለች። የተበጠሰ ክር ወይም የዘይት ጠብታ ስታይ ማሽኑን አቁማ ጠርዙ ላይ ቀይ ክር ታስራለች። ንጹሕ ሆኖ ላለቀ ጥቅል አረንጓዴ ክር ታስራለች። የሽመና ማሽኖቹ ጩኸት ጆሮ ይበሳል፤ ስለዚህ መርማሪዎቹ ጆሯቸውን በጥጥ ወትፈው ነው የሚውሉት። እሷም እንዲህ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ጆሮዋ በዚያው ትንሽ ደክሟል፤ ዓይኗ ግን እንደ ምላጭ ተስሏል።

«ካሴቶቹን እንደ ጨርቅ እይልኝ» አላት ወንድሟ።

«ጋሼ፣ እኔ ስለ ፊልም ምን አውቃለሁ?»

«ስለ ፊልም ማን ጠየቀሽ? ነውር ታውቂ የለ?»

አወቀችበት። ካሴቱን ቀድማ ታያለች፤ የሚቆረጠውን ቦታ በደቂቃና በሰከንድ ትጽፋለች፤ ንጹሑን ካሴት ማኅደሩ ላይ አረንጓዴ ክር ታስርበታለች። ወንድሟ አረንጓዴ ክር የሌለውን ካሴት አይነካም። አባወራዎቹም ከሶፋቸው ሳይነሡ ቅዳሜን መዋል ቻሉ። ነዋሪዎቹ «ወንፊት» የሚል ስም አወጡላት፤ ቀስ በቀስ ዋና ስሟን የሚያስታውስ ጠፋ።

ገመዱ ከዚያ ጣሪያ ወደሚቀጥለው ጣሪያ፣ ከዚያም ወደ ሠፈሩ ሁሉ ተዘረጋ። ጠዋት ለልጆች፣ ከሰዓት በኋላ ለእናቶች፣ ከእራት በፊት ለሁሉም የሚሆን ነገር ተመደበ። ሁለት ሺህ ቤት ሲገባ አንድ ኩባንያ መጣና ጣቢያውን ጠቀለለው። «ሳሎን» የሚል ስም አወጣለት፤ ጠጋኙን የቴክኒክ ኃላፊ፣ ወንፊትን ደግሞ የይዘት ተቆጣጣሪ አደረጋቸው። የእሷ ክፍል አንድ መስኮት፣ ሁለት ስክሪን፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ መደርደሪያ ነበረው። ካሴቶቹ አሁን በካርቶን ይመጡ ጀመር። በአንድ ካሴት ውስጥ አራትና አምስት የተለያየ ነገር ተከታትሎ ተቀድቷል፤ ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ «ለልጆች» ወይም «ለቤተሰብ» ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት አለ። ጣቢያው በቀን ሁለት ሰዓት ሲያሠራጭ አንድ ሰው ሁሉንም ማየት ይችላል። አሥር ሰዓት ሲያሠራጭ ግን አንድ ሰው አይበቃም፤ ኩባንያው ደግሞ የመደበው አንድ ሰው ነው። ወንፊት ሁለት ካሴት በሁለት ስክሪን ጎን ለጎን፣ በእጥፍ ፍጥነት ማየት ጀመረች። ካሴት በእጥፍ ሲሮጥ ድምፁ የጫጩት መንጋ ይሆናል። ስለዚህ ድምፁን አጠፋችው። ስሕተት ነው ብላ ለአፍታ እንኳ አላሰበችም፤ ጆሮዋ ሲደፈን ዓይኗ እንደሚሠራ ዘጠኝ ዓመት ለምዳዋለች። ለሁለት ዓመት እንዲህ ቀጠለች። ሺህ አንድ መቶ ካሴት አረንጓዴ ክር ታሰረበት።

ወንፊት አንድ ልጅ አላት፤ የሰባት ዓመት ሴት ልጅ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎረቤት ዘንድ ትቀመጥና የእናቷን ጣቢያ ታያለች። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ወንፊት ቀና ስትል የልጇ ከንፈር ጠቁሯል። ጉንጮቿ ተነፍተዋል፤ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ተተክሏል።

«ምን ዋጥሽ? አፍሽን ክፈቺ!»

ልጅቷ ድንገት ተነፈሰችና ምሳዋን ቀጠለች። በሚቀጥለው ቀንም ያንኑ አደረገች። በሦስተኛው ቀን መታጠቢያ ቤት ወድቃ ተገኘች።

ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠ፣ የራጅ ፎቶ አስነሣት። «ሳንባዋ ከእኔ ሳንባ ይሻላል። አውቃ ነው የምትይዘው። ለምን እንደምትይዝ እሷን ይጠይቋት» አለ።

ወንፊት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠየቀቻት።

«እንዳይቆጥር ነዋ» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

«ማን?»

በአገጯ ወደ ግድግዳው አመለከተች። «ከኋላ ያለው። ትንፋሽ ይቆጥራል። ሺህ ሲሞላለት ይገባል።»

«ማነው እንዲህ ያለሽ? ትምህርት ቤት ነው?»

«የእናንተ ቴሌቪዥን።»

«ተረት ነዋ የኔ ማር። ውሸት ነው።»

«አንቺ እኮ ነሽ ያሳለፍሽው። አጎቴ ወንፊት ያሳለፈችው ሁሉ ንጹሕ ነው ይላል።»

ወንፊት በማግሥቱ የዚያን ሳምንት ካሴቶች አወረደች። አራተኛው ላይ አገኘችው፤ አረንጓዴው ክር በሥርዓት ታስሯል። ሥዕሎቹን ወዲያው አስታወሰቻቸው። ነጭ ቤት፣ የተከደነ መስኮት፣ አልጋ፣ የተኛ ልጅ። ምንም ነውር የለባቸውም። ድምፁን ከፈተች።

የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ቸኩሎ የማያውቅ። ሥዕሉ ሳይንቀሳቀስ እሱ ይናገራል። ከግድግዳው ኋላ ስላለው፣ ጆሮውን ለጥፎ ስለሚቆጥረው ያወራል። ከዚያ ዝም ይልና ይተነፍሳል፤ ይቆጥራል፤ እንደገና ይተነፍሳል። መጨረሻው ላይ «ይህ ከአሥራ ሁለቱ የመጀመሪያው ነው» ብሎ ተሰናበተ። ወንፊት ወንበሯን ከግድግዳው አርቃ እንደነበረ ያየችው ማጫወቻውን ስታጠፋ ነው።

መጀመሪያ የነገረችው ለወንድሟ ነው።

«ለማንም አትተንፍሺ» አላት ጠጋኙ። ከዚያ «አትተንፍሺ» ማለቱን ራሱ ሰምቶ ፊቱ ተለዋወጠ። «አሥራ አንዱስ የት አሉ?»

«እነዚህ ውስጥ» አለች መደርደሪያውን እያሳየች።

ያን ጊዜ «ሳሎን» ሌላ ደረጃ ላይ ሊወጣ ነበር። ካሴት ሊቀር ነው። ሁሉም ወደ ኮምፒውተር ይገለበጥና ማሽኑ ራሱ እየመረጠ ቀንና ሌሊት ያሠራጫል። ማሽኑ የሚመርጥበት ዝርዝር ደግሞ የተዘጋጀው ከአረንጓዴ ክሮቹ ነው። ወንፊት ይህን ስትሰማ ወደ ሥራ አስኪያጇ ገባች፤ በዕድሜ ልጇ ልትሆን የምትችል ሴት ናት። ሁለት ዓመት ድምፅ አጥፍታ እንደሠራች ሳትደብቅ ነገረቻት።

«እትዬ፣ ያማረረ ተመልካች አለ?» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«የለም። ልጅ መቼ ደብዳቤ ጽፎ ያውቃል?»

ሥራ አስኪያጇ የቀን መቁጠሪያዋን ገለጠች። «ሃያ አራት ሰዓት በባዶ አይሞላም። ማሽኑ የሚጀምርበት ቀን ታውቋል፤ ሠላሳ አምስት የሥራ ቀን አለዎት። ያገኙትን እናወጣለን። ያላገኙት እንዳለ ይገባል።»

አሥራ አንድ ነገር ከሺህ አንድ መቶ ውስጥ መፈለግ ለወንፊት ዓይን ቀላል በሆነ ነበር። ችግሩ የአንዱ ክፍል ሥዕል ከሌላው አለመመሳሰሉ ነው፤ አንዱ ላይ ዛፍ፣ ሌላው ላይ ጉድጓድ፣ ሌላው ላይ ባዶ ወንበር። የሚያገናኛቸው ድምፁ ብቻ ነው። ዓይኗ አይረዳትም ማለት ነው። ስለዚህ ዘዴ አወጣች፦ እያንዳንዱን ካሴት በየአሥር ደቂቃው ታቆማለች፤ ማዳመጫ አድርጋ ግማሽ ደቂቃ ትሰማለች፤ ወደፊት ታጠነጥናለች። አንዱ ካሴት ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። በቀን ስምንት ሰዓት ብትሠራ አርባ ስድስት ቀን ያስፈልጋል፤ ያላት ሠላሳ አምስት ነው። ጠጋኙ ከሥራው እየሾለከ ሲያግዛት ልክ ሊመጣ ይችላል።

ግን የምትፈልገው ለማውጣት ብቻ አይደለም። ልጇን ለማጽናናት አንድ ቀን እንዲህ ብላት ነበር፦

«መጨረሻው ላይ ይሄዳል። ይባረራል።»

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«ሰማሽው?»

ወንፊት መዋሸት አቃታት። ልጅቷም ትንፋሿን መያዝ አልተወችም። እናቷ አጠገቧ ስትሆን እንደማንኛውም ልጅ ትተነፍሳለች፤ ብቻዋን ስትቀር ግን ትይዛለች። እስከ መቼ ብላ ስትጠይቃት «እስኪያልቅ» ነው መልሷ። ስለዚህ ወንፊት አሥራ ሁለተኛውን ትፈልጋለች። በዚያው ልክ ትፈራዋለች፤ መጨረሻው ከመጀመሪያው ቢብስስ?

እስካሁን ከአሥራ አንዱ ሰባቱን አግኝታለች፤ አሥራ ሁለተኛው ግን ገና አልተገኘም። አምስተኛው ላይ ቆጣሪው ሦስት መቶ ደርሷል። ዘጠነኛው ላይ ሰባት መቶ። አሥራ አንደኛው ላይ ሽማግሌው አንድም ቃል አይናገርም፤ ከአሥራ አራት ደቂቃ ትንፋሽ በኋላ የክፍሉን ቁጥር ብቻ ጠርቶ ያበቃል። እየገፋ ሲሄድ ድምፁም እየቀጠነ መጥቷል፤ የመጨረሻዎቹ ሹክሹክታ ናቸው። ጥጥ የኖረበት የወንፊት ጆሮ እየሳተው እንደሆነ ያወቀችው፣ እሷ የለበትም ብላ ያለፈችውን ካሴት ጠጋኙ ደግሞ ሰምቶ ሲያገኝበት ነው። የሰማቻቸው ስድስት መቶ ካሴቶች ሁሉ እንደገና አጠራጣሪ ሆኑ። የቀራት ዘጠኝ ቀን ነው።

«እኔ እሰማልሻለሁ» አለቻት ልጇ።

«በፍጹም!»

«አንቺ ያልሰማሽውን ያኔም እኔ ነኝ የሰማሁት።»

ሁለት ቀን ተከራከሩ። ዛሬ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጅቷ በዚያች አንድ መስኮት ባላት ክፍል ከእናቷ ጭን ላይ ተቀምጣለች። አንድ ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለው፣ አንዱን ጎን እናት፣ ሌላውን ልጅ ጆሯቸው ላይ ይዘዋል። ውላቸው ግልጽ ነው፦ ልጅቷ ትንፋሿን እስካልያዘች ድረስ ብቻ ይሰማሉ፤ ወንፊት ግራ እጇን የልጇ ደረት ላይ አድርጋለች፤ ቀኝ እጇ ማቆሚያው ቁልፍ ላይ ነው። ልጅቷ ድምፁን ከለየች እጇን ታነሣለች።

ሦስት ካሴት አለፈ። የአራተኛው አርባኛ ደቂቃ ላይ ስክሪኑ ጠል ያረፈበት የአትክልት አጥር ያሳያል። ወንፊት ምንም አልሰማችም። ልጅቷ እጇን አነሣች። ወንፊት ካሴቱን አቁማ፣ የልጇ ደረት ከፍና ዝቅ ማለቱን አረጋግጣ፣ ወደ ኋላ አጠንጥና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተችና እንደገና አስጀመረችው።