የመካ መንገድና የገና ዘፈን

ገና በመጣ ቁጥር ልጆቼ ከመዝሙሮቹ የትኛውን እንደምወድ ይጠይቁኛል። የቤተ ክርስቲያኑን ብጠራላቸው ደስ ይላቸዋል። እኔ የምወደው ግን የሜዳውን ነው፤ ዱላ ይዘን ሩር ስንመታ አንዱ የሚያወጣውን፣ ሌላው የሚቀበለውን። ሊያስይዘኝ የነበረውም እሱው ነው።

ጅዳ የገባሁት በሙስሊም ስም ነው። ስሙን ያወጣልኝ ደላላ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከተመለስኩ በኋላ፣ ጢሜ ሸብቶ ስለሆነ፣ ያኔ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ላይ ማን ተብዬ እንደተጻፍኩ ሰው ሲጠራኝ ነበር የምሰማው። ማንበብ የማይችል ሰው ማንንም አያምንም። ወረቀቱን አይቶ የሳቀ ሁሉ በእሱ የሳቀ ይመስለዋል።

ሳፋ ሰፈር የአንድ ቤት ሾፌር ነበርኩ። እዚያው ቤት የምትሠራ የወሎ ሴት ነበረች፤ ሰላቷን የማታጓድል ሙስሊም። ስበላ ታየኛለች፣ ውኃ ስጠጣ ታየኛለች። ለቤቱ እመቤት፣ ለማዳም፣ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ያስመጣኝ አሠሪ፣ ከፊሌ፣ ለፖሊስ ያስረክበኛል። ስለዚህ ጠላኋት።

አንድ ቀን ማዳም መካ እናቷ ዘንድ እንሂድ አለች። አሞኛል አልኩ። “ያላ፣ ያላ” ብላ መኪናው ውስጥ ገባች። መካ ሙስሊም ያልሆነ አይገባባትም። ይህንኑ የሚናገር ትልቅ ሰሌዳ መንገዱ ላይ አለ፤ ማንበብ ባልችልም የትኛው እንደሆነ አውቅ ነበር።

ሰሌዳው ጋ ስንደርስ የማዳም ልጅ አለቀሰ። ልጁን ይዛ አብራን የመጣችው የወሎዋ ሴት ከኋላ አቅፋው ማንጎራጎር ያዘች። የኛኑ የገና ዘፈን! ወጥመድ ነው አልኩ በልቤ። ጥርሴን ነከስኩ። ግን ያ ዘፈን ተቀባይ ሲያጣ አያስችልም፤ እየወጣ ዝም ማለት ያደግንበት አይደለም። ደግማ ስታወጣ አፌ አመለጠኝ፤ በሙሉ ድምፄ ተቀበልኩ።

ልጁ ጸጥ አለ። ማዳም ከስልኳ ቀና አለች። ፍተሻው ከፊታችን ይታያል።

“ምንድነው ይሄ? ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ?”

መሪው በላቤ ራሰ። ሴትዮዋ ግን ሳትደነግጥ በዓረብኛ፣ “የልጆች ጨዋታ ነው ማዳም። አገራችን ወንዶቹ ኳስ በዱላ ሲመቱ የሚሉት” አለቻት።

ማዳም ሳቀችና ድገሙት አለች። ፍተሻውን ያለፍነው እየዘፈንን ነው። ወታደሩ ኢቃማዬን አይቶ ፈገግ እያለ መለሰልኝ። ለምን ፈገግ እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የማዳም እናት ግቢ መኪናውን ሳቆም ሴትዮዋ ልጁን ታቅፋ መጣች።

“ማን ነው የላከሽ?” አልኳት።

“ውይ! አንተን የሚሰልል ምን ሊያገኝ፣ ወንድምዓለም?” ድምፅዋን ቀነሰች። “ክርስቲያን መሆንህን ያወቅኩ ዛሬ መሰለህ? ቢስሚላህን እንደ ጥሩንባ ትነፋታለህ። አብሯት ያደገ ሰው በከንፈሩ ነው የሚላት።”

ክው አልኩ። “ዘፈኑንስ ከየት አመጣሽው?”

“ከሜዳው ነዋ! ወንድሜ ከክርስቲያኖቹ ልጆች ጋር ሩር ይመታ አልነበር? በገና ጎረቤቶቻችን ሲጠሩን አባቴ ቢላውን ይዞ ሄዶ የእኛን ድርሻ ራሱ ያርድ ነበር። አሁን የዘፈኑ መጨረሻ ጠፋኝ። ለልጁ ስዘፍንለት እዚያ ስደርስ እቆማለሁ። እሱን ንገረኝ፣ ኸላስ፣ ሌላ አልፈልግም።”

ለአንድ ግጥም ብላ ነው? አላመንኩም። “አላውቀውም” አልኳት።

“ውሸታም” ብላኝ ሄደች፤ ሳትቆጣ።

ያለመቆጣቷ ባሰብኝ። ስንመለስ፣ ገና ከመካ ሳንወጣ፣ ዘፈኑን ማውጣት ጀመረች። ተቀበልኩ። መጨረሻው ጋ ስትደርስ ቆመች። በመስታወቱ ሳይ እያየችኝ ነው። ማዳምም ትጠብቃለች፤ ልጁም ሊያለቅስ ከንፈሩን ጥሏል። ጨረስኩላት።

ልጆቼ “ከዚያስ ተዋደዳችሁ?” ይሉኛል። ምን መዋደድ! ያን ቤት እስክለቅ በዓይኔ ስከተላት ኖርኩ። ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ እሱም ያጠራጥረኝ ነበር። ግጥሙን ግን ሳላዛባ ነው የሰጠኋት።